የማሳያ መጥበሻ

ከሰኞ እስከ ዓርብ ካርድ ክፍል ነው ውሎዬ፤
«ስም? የአባት ስም? ቀበሌ?» ብዬ፣ ብዬ፣ ብዬ።
ቅዳሜ ከሰዓት ግን ሌላ ሴት ነኝ እኔ፤
ኩል አለ ከዓይኔ፣ ድስት አለ ከጎኔ።

ባጃጁ የግንቡን አጥር ዞሮ ሳሙና በር ሲያደርሰኝ፣
በየጉድጓዱ ላይ ክዳን ሲያጨበጭብልኝ፣
ሹፌሩ ዞር ብሎ፦ «ሠርግ ነው ወይ፣ እትዬ?»
«የለም፣ ድስት ነው» አልኩት፣ መልሴን ተቀብዬ።

አሠልጣኙ ባሕር ዳር፣ ሥልጠና ላይ፣ ብሎናል፦
«ድስት አትሽጡ፤ ጊዜ ሽጡ። ሴት ጊዜ ያጥራታል።»
እኔም የሌለኝን ጊዜ እሸጣለሁ በሰው ቤት፣
ቅዳሜዬን ከፍዬ፣ አንዳንዴም ሰንበት።

የዛሬ ባለቤት እንጉዳይ ነች፤ ደግ ናት፤
ከጠራቻቸው ውስጥ አምስት ሴት ከገዛላት
ጭልፋ በነፃ አላት።
ሶፋው ላይ መምህርቷ፣ ምንጣፉ ላይ ነርሷ፣
የዕቁቡ ሰብሳቢ ከነሙሉ ኪሷ፣
በሩ ጥግ እማማ ትርንጎ አሉ፣ በከዘራ፣
ሰባ ዓመት የኖሩ ከሸክላቸው ጋራ።

መብራት እንዳይጠፋ ለቀሃ ኢየሱስ ተስዬ
መጥበሻዬን ጣድኩት፣ «እዩ እንግዲህ!» ብዬ።
ዘይት የለ፣ ቅቤ የለ። እንቁላሉን ሰበርኩ።
ቸስ አለ። ጠርዙ ነጣ። እስኪረጋ ቆጠርኩ።
ሳዘነብለው ጊዜ ተንሸራቶ ሄደ፣
አበዳሪ እንዳየ ሰው፣ በጎን ወረደ።
«አይጣበቅም!» አልኩ። «ምንም አይጣበቅም!»
«የማይዝ ድስት፣ ልጄ፣ ጣዕሙን በምን ያውቃል?»
አሉ እማማ ትርንጎ፤ ሴቱ ሁሉ ይሥቃል።

ቀጥሎ ውዱ ድስት፣ የእንፋሎት፣ ባለ ፉጨት፤
ባቄላ በሩብ ሰዓት፣ ሥጋ በግማሽ ሰዓት።
ከአንዱ የማገኘው ይሸፍናል ግማሽ ኪራይ፤
እንደ በሬ ደላላ አሞገስኩት በሰው ፊት፣ ከታች እስከ ላይ።

ውሃው ሲንተከተክ ድስቱ ድንገት አፏጨ፤
ከነርሷ እጅ ሻዩ ምንጣፍ ላይ ተረጨ።
መምህርቷ ወለል ላይ። የእንጉዳይ ትንሹ ልጅ
ከግድግዳው ሥር ተኝቷል፣ ጆሮው ላይ ሁለት እጅ፣
ማንም ሳያስተምረው።
እኔም አጎንብሻለሁ፣ ከሻንጣዬ ኋላ፤
እሱ ግን የሚያበስለው ባቄላ ነው፣ ባቄላ።

ማንም ማንንም አላየ። ማንም ምንም አላለ።
ውጭ ባጃጅ አለፈ። ዝምታው እዚያው አለ።
ከዚያ እማማ ትርንጎ፣ ቀስ ብለው ተነሥተው፣
የምድጃውን ገመድ ከሶኬት ነቅለው፣
«ይሄስ» አሉ፣ «ይጣበቃል።»

ሣቁ ተመለሰ፣ ግን እያነከሰ፤
ምንጣፉም ተጠረገ፣ ሻዩም ታደሰ።
ባለ ፉጨቱን የነካው የለም። መጥበሻ ሄደ ሦስት፣
ሁለቱ በዱቤ፣ እስከ ደሞዝ ዕለት።
አምስት አልሞላም፤ ሕጉ «ጭልፋ የለም» ይላል፤
ሰጠኋት። የልጇ እጅ ገና ይንቀጠቀጣል።

ሲመሽ በእግሬ መጣሁ፣ የባጃጁን ቆጥቤ፣
ያቺን ሃምሳ ብር ከትርፌ ደርቤ።
ሐመልማል በር ላይ፦ «እማ፣ ዛሬስ ተረፈ?»
በሶፍት የጠቀለልኩት፣ ጫፉ የታጠፈ፣
የማሳያው እንቁላል ከቦርሳዬ ወጣ።
(ሌላ ጊዜ ለባለቤቷ ልጅ ነው የሚሰጠው፤
ዛሬ ልጁ አልበላም። ማንም አልጠየቀው።)

የኛ ቤት መጥበሻ እጀታ የለው፤ በጨርቅ ይያዛል፤
ሽንኩርት ሲነካውማ አጥብቆ ይይዛል።
እዚያ ላይ ባሞቀው ሊበላሽ ነው አልኩኝ፤
ቀዝቃዛውን ሰጠኋት፤ ቆማ በላችልኝ።

«የማይጣበቀው መቼ ነው ለኛ የሚሆነው?»
«ሲጫጫር» አልኳት፣ «ማሳያ መሆን ሲያቅተው።»
ጣቷን ላሰችና፣ ሻንጣዬን ከፍታ፣
«ይሄስ?» አለች፣ ክዳኑን በጥፍሯ መትታ።
«እሱ ይቆይ» አልኳት። ፉጨቱን ፈትቼ፣
ከዕቁብ ደብተሬ ጋር መሳቢያ ውስጥ ከትቼ
ቆለፍኩ።